ከመነዌ እስከ አባ ገሪማ፤ የራስ አሉላ እንግዳ የሕይወት ታሪክ ከነወገናቸው

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ የአምሳኛው ዓመት በዓል ነው። በዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ለባርነት የተሰጠ ነጻ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ ወደ ወገኑና ወደ አባቶቹ ርስት ይገባል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩዋን ስታከብር የሕንፃዋን ዕድሜ ብቻ አትቈጥርም። ልጆቿም ወደ ወገናቸው እንዲመለሱ፥ ይኸውም ከማን እንደ ተወለዱና በማን ደም እንደ ቆሙ እንዲያስቡ ታደርጋለች። በአገራችን ከዘማች ያልተወለደ ቤት ጥቂት ነው። በየደብሩ ዐፀድ ካረፉት ከብዙዎቹ ራስጌ ድንጋይ የለም፤ ስማቸውን የያዘላቸው የልጆቻቸው ልብና የካህናቱ ጸሎት ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰው አምሳል ለማሰብ የራስ አሉላ እንግዳ ታሪክ የተመቸ ነው፤ እርሳቸው ስም ከሌለው ቤት ተነሥተው ስመ ጥሩ የሆኑ ዘማች ነበሩና።

ራስ አሉላ የተወለዱት በትግራይ፥ በተምቤን አውራጃ፥ መነዌ በምትባል መንደር ነው። ዘመኑም የመሳፍንት ዘመን ወደ ፍጻሜው የተቃረበበት ጊዜ ነበረ። አባታቸው እንግዳ ዕቁቢ መሬት አርሰው የሚኖሩ ባላገር ነበሩ፤ ከነጋሢም ከመስፍንም የሚቈጠር ትውልድ አልነበራቸውም። በትግርኛ ልጅ በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ሲጠራ ወዲ ይባላልና፥ አሉላንም አገሩ ወዲ ቁቢ እያለ ይጠራቸው ነበር። ይህ ስም በኋላ ነጋሪት ሲጎሰምላቸው፥ መድፍም ሲማርኩ አልተለያቸውም። ባላባቶች ሊንቋቸው ሲሹ ወዲ ቁቢ ይሏቸው ነበር፤ ወታደሮቻቸው ደግሞ ሊያመሰግኗቸው ሲሹ ያንኑ ስም ይዘፍኑት ነበር። አንዱ ስም ለናቂው ስድብ፥ ለወዳጁ ውዳሴ ሆነ።

የተምቤን ሰዎች ስለ ልጅነታቸው አንድ ነገር ይተርካሉ። አሉላ ከመንደሩ ልጆች ጋራ ሲጫወቱ ወደ ሰርግ እንጀራ በመሶብ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎችን በመንገድ አስቁመው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቁ ይባላል። ሰዎቹም በልጁ ድፍረት ተገርመው፥ ለቀልድ፥ የምንሄደው ወደ ወዲ ቁቢ ወደ ራስ አሉላ ግንብ ነው ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልንጀሮቻቸው ራስ አሉላ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ፌዙ ትንቢት ሆኖ ተገኘ፤ ሰው በዘባች አፍም ቢሆን የተሰጠውን ስም እግዚአብሔር ሲወድ ያጸናዋልና።

በጉልምስናቸው ወደ ራስ አርአያ ድምፁ ቤት ገቡ። ራስ አርአያ የእንደርታ ባላባት፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉት የደጃዝማች ካሣ ምርጫ አጎት ነበሩ። የባላገር ልጅ በዚያ ዘመን ከጌታ ቤት ገብቶ በትጋትና በታማኝነት ካልሆነ በቀር ከፍ የሚልበት ሌላ መንገድ እምብዛም አልነበረውም። አሉላም ከራስ አርአያ ወደ ካሣ ቤት ተሻግረው በእልፍኝ አገልግሎት ጀመሩ፤ ቀጥሎም በጦር ሜዳ ታወቁ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ካሣ በዐድዋ አጠገብ በዓሠም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ሲያደርጉ፥ ንጉሡን ከማረኩት መካከል የአሉላ ስም ይነሣል። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ጽዮን ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ሲነግሡ፥ የእንግዳ ልጅም የንጉሠ ነገሥት ባለሟል ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ምጽዋንና ከረንን ይዞ ወደ ደጋው ለመውጣት ተነሣ። በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፥ በዴንማርካዊው በአሬንድሩፕ የሚመራው ጦር ተደመሰሰ፤ አዛዡም በዚያው ሞተ። በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ሌላ የበለጠ ሠራዊት፥ አሜሪካውያን መኰንኖች ያሉበት፥ በጉራዕ መጣ። እርሱም ተሸንፎ ተመለሰ። በነዚህ ጦርነቶች አሉላ ገና ሻለቃ ሳሉ ከዋኖቹ የጦር መሪዎች እንደ አንዱ ተቈጠሩ። በ1869 ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ዮሐንስ የራስነት ማዕርግ ሰጥተው የመረብ ምላሽን ግዛት ሾሟቸው። የቱርክ ባሻ ማዕርግም ነበራቸው፤ ይህም የነፍጠኛው ጦር አለቅነት ነው።

ይህ ሹመት ለትውልደ መሳፍንቱ ከባድ ነገር ሆነባቸው። በዘር የሚወረስ ግዛት ለአራሽ ልጅ ሲሰጥ ማየት አልለመዱም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን በዚህ ጥበብ ነበራቸው፤ የባላባት ልጅ በአባቱ ርስት ይመካል፥ አሉላ ግን ከንጉሡ በቀር የሚመኩበት አልነበራቸውም። ሹመቱን በሥጋ ዝምድና ለማጽናት አሉላ የራስ አርአያን ልጅ ወይዘሮ አምለሱን አገቡ፤ በዚህም የቀድሞ ጌታቸው ልጅ የቤታቸው እመቤት ሆነች፥ እርሳቸውም ከነጋሢው ቤት ጋራ ተዛመዱ። ይሁን እንጂ ለዚህ ጋብቻ ሲሉ ቀድሞ በድኽነታቸው ዘመን ያገቧት ሚስት ከቤት ወጣች። የታላላቆች ታሪክ ሲነገር ይህን የመሰለው ነገር ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የቤተሰብ ታሪክ ግን የሹመቱን ቀን ብቻ ሳይሆን በሹመቱ ቀን ያለቀሰውንም ሰው ይቈጥራል።

ራስ አሉላ መቀመጫቸውን በመጨረሻ በአሥመራ አደረጉ። ያን ጊዜ አሥመራ ትንሽ መንደር ነበረች፤ የራስ ሰፈር ከሆነች በኋላ ከደጋው ወደ ምጽዋ የሚወርደው ንግድ መገናኛ ሆነች። ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ ናት። አገዛዛቸው የጸና ነበረ፤ ሽፍታን አያዝኑለትም፥ ግብር የከለከለንም በዘመቻ ይቀጡ ነበር። ከሐማሴን ባላባት ከራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ጋራ የነበረው ጠብ በ1871 ዓ.ም. በባላባቱ እስራት አለቀ። ስለዚህ በመረብ ማዶ አንዳንዱ ቤት ስማቸውን በምስጋና ሲያነሣ፥ አንዳንዱ በምሬት ያነሣዋል። ሁለቱም ምስክርነት ነው፤ ሰይፍ የያዘ ሰው ለአንዱ ጋሻ ሲሆን ለሌላው ስለት ይሆናልና።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት አድሚራል ሂዌትን ወደ ዐድዋ ልኮ ከዐፄ ዮሐንስ ጋራ ውል ተዋዋለ። በውሉም ቦጎስ ለኢትዮጵያ ሊመለስ፥ ንግድም በምጽዋ በነጻ ሊያልፍ፥ ኢትዮጵያም በሱዳን ማህዲስቶች ተከበው የነበሩትን የግብጽ ጭፍሮች በአገሯ በኩል ልታወጣ ተስማሙ። ይህን የማውጣት ሥራ የተሰጣቸው ራስ አሉላ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በፊት በጉንደትና በጉራዕ የተዋጓቸውን የግብጽን ወታደሮች አሁን ከሞት አድነው ወደ አገራቸው ሸኟቸው። ጠላቱን መግደል ለብዙ ጦረኛ ይቻለዋል፤ የትናንት ጠላቱን ከነልጆቹ በደኅና ወደ ባሕር ማድረስ ግን ለጥቂቱ ነው። ከራስ አሉላ ሥራዎች ሁሉ ወደ ወንጌል ትእዛዝ የሚቀርበው ይህ ነው፥ ብዙ ባይዘመርለትም።

ለዚህ ሥራ የተከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ሆነ። በ1878 ዓ.ም. መስከረም፥ የመስቀል በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ራስ አሉላ ወደ ከሰላ ሲገሠግሡ በኩፊት ከዑስማን ዲግና ጦር ጋራ ገጠሙ። ድሉ የኢትዮጵያውያን ሆነ፤ ነገር ግን ብላታ ገብሩና ሌሎች ብዙ መኰንኖች በዚያ ወደቁ። የሠራዊቱ ሰዎች ደመራ ለማብራት ወደየቤታቸው ሳይመለሱ በቆላ ቀሩ። እንግሊዝም አስቀድሞ፥ በ1877 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ፥ ኢጣልያ ምጽዋን እንድትይዝ ፈቅዶ ነበር። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠብቃ ደሟን ስታፈስ፥ የባሕር በሯ ለሌላ ተሰጠ።

ኢጣልያኖች ከምጽዋ ወደ ውስጥ ገብተው ሰሐጢን መሸጉ። ራስ አሉላ እንዲወጡ አስጠነቀቁ፤ አልሰሙም። በጥር 1879 ዓ.ም. በሰሐጢ ምሽግ ላይ ያደረጉት ጥቃት አልተሳካም፥ ሰውም ተጎዳባቸው። በማግሥቱ ግን በኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ አምስት መቶ ያህል ወታደር ወደ ሰሐጢ ስንቅና ጥይት ይዞ ሲመጣ፥ በተድዓሊ፥ ፈረንጆች ዶጋሊ በሚሉት ስፍራ፥ ከበቡት። ከዚያ ጦር በሕይወት የተረፈው አንድ መቶ አይሞላም። ወሬው በሮማ ሲሰማ ታላቅ ለቅሶ ሆነ፤ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ለሙታኑ ሐውልት ቆመላቸው፥ ስማቸውም ተጻፈበት፤ በዚያ ያለው አደባባይም እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። በሰሐጢና በተድዓሊ የወደቁት የራስ አሉላ ወታደሮችም የሰው ልጆች፥ የክርስትና ስም ያላቸው፥ እናት የወለደቻቸው ነበሩ። ለእነርሱ በከተማ መካከል ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመላቸውም። የሞታቸው ወሬ በየመንደሩ በእግር ደረሰ፤ በየደብሩ ፍትሐት ተፈታላቸው፤ አርባና ሰማንያ ወጣላቸው፤ ሙት ዓመታቸው ታሰበ። ከዚያ በኋላ ስማቸው የኖረው ልጅ ለልጅ እስከ ነገረ ድረስ ብቻ ነው። ወራሪው የሞቱበትን ሰዎች ስም በሐውልት ላይ ሲጽፍ፥ አገሩን ሲጠብቅ የሞተው ሰው ስም ግን በአንዲት አሮጊት አንደበት ላይ ቀረ። እርሷ ስታርፍ ስሙም አብሯት ዐረፈ።

ከተድዓሊ በኋላ መከራው ተከታተለ። ኢጣልያ ለበቀል ብዙ ሠራዊት አመጣች፤ እንግሊዝም ፖርታልን ለዕርቅ ልካ የቀረበውን ቃል ዐፄ ዮሐንስ አልተቀበሉም። በምዕራብ ደግሞ ማህዲስቶች በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት እስከ ሰሐጢ ወርደው ሳይዋጉ ተመለሱ፤ በመጨረሻም ፊታቸውን ወደ መተማ አዞሩ። በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ድል በእጅ ሊገባ ሲል ዐፄ ዮሐንስ ቆሰሉ፥ ሞቱም። ሽማግሌው ራስ አርአያ ድምፁም ከንጉሡ አስከሬን አልለይም ብለው በዚያው ተሠዉ። ራስ አሉላ በዚህ ሰሞን ንጉሣቸውን፥ የመጀመሪያ ጌታቸውንና አማታቸውን በአንድ ላይ አጡ። የወዲ ቁቢ ቤት በሁለት ምሰሶ ቆሞ ነበረ፤ በአንድ ዘመቻ ሁለቱም ወደቁ።

ዐፄ ዮሐንስ ከመሞታቸው በፊት መንገሻ ልጃቸው እንደ ሆኑ ገልጠው አልጋቸውን ተናዘዙላቸው። ይህን አደራ ከተቀበሉት ዋናው ራስ አሉላ ነበሩ። ጊዜው ግን ክፉ ቀን የተባለው ነበረ፤ ከብት በበሽታ አለቀ፥ ረኃብ አገሩን አጠፋው፥ የትግራይ መኳንንትም እርስ በርሳቸው ተለያዩ። በ1881 ዓ.ም. ክረምት ኢጣልያኖች አሥመራን ያዙ። ወደ ኢጣልያ የገቡ መኳንንት ነበሩ፤ ራስ አሉላ ግን ከራስ መንገሻ ጋራ በነበሩበት ዘመን አንዳንድ ጊዜ ቢጣሉም የዮሐንስን ልጅ ጨርሰው አልተዉም። በግንቦት መጨረሻ 1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻ፥ ራስ አሉላና የተምቤኑ ራስ ሐጎስ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ ወርደው፥ እንደ ልማዱ ድንጋይ ተሸክመው ለዐፄ ምኒልክ ገቡ፤ ምሕረትም ተደረገላቸው። ብዙ ሰው ይህን ቀን ለራስ አሉላ የውርደት ቀን አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ያ የተሸከሙት ድንጋይ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለዐድዋ ድል የመሠረት ድንጋይ ሆነ፤ ትግሬና ሸዋ ሳይታረቁ ዐድዋ አይገኝም ነበርና።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነው የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከመላው አገር ሠራዊት ጋራ፥ አቡነ ማቴዎስም ከካህናቱ ጋራ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስም ታቦት በመካከላቸው ሆኖ፥ የኢጣልያ ጦር ተሰበረ። ራስ አሉላም ከራስ መንገሻ ጋራ ሆነው፥ የልጅነታቸውን አገር ኮረብታና ሸለቆ እንደ እጃቸው መዳፍ እያወቁ ተዋጉ። የፈረሳቸው ስም አባ ነጋ ነበረ፤ በዚያ ቀን ለኢትዮጵያ በእውነት ነጋላት። ይሁን እንጂ በ1889 ዓ.ም. በጥቅምት በተደረገው ዕርቅ መረብ ምላሽ በኢጣልያ እጅ ቀረ። ራስ አሉላ አሥመራን ዳግመኛ አልገዟትም። ለአገር የነጋው ለአባ ነጋ ሳይነጋላቸው ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ለጆሮ የሚከብድ ነው። ከዐድዋ ድል ዓመት ሳይሞላ፥ በ1889 ዓ.ም. ክረምት ካለፈ በኋላ፥ በራስ አሉላና በራስ ሐጎስ መካከል በተምቤን ጠብ ተነሣ። ሁለቱም የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ድንጋይ አብረው ተሸክመዋል፤ ጠላትንም በአንድነት ተዋግተዋል። አሁን ግን አንዱ በሌላው ላይ ጦር መዘዘ። ራስ ሐጎስ በዚያ ጠብ ሞቱ፤ ራስ አሉላም ቆስለው በቁስሉ ምክንያት በየካቲት 1889 ዓ.ም. ዐረፉ። የግብጽ መድፍ፥ የማህዲስት ሰይፍ፥ የኢጣልያ ጥይት ያልቻላቸውን ሰው የወንድም ጥይት ቻላቸው። የሁለቱም ቤት በአንድ ጊዜ የለቅሶ ቤት ሆነ፤ ለቀስተኛውም ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ሊሻገር አልቻለም።

ሥጋቸው በዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ዐረፈ። አባ ገሪማ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ናቸው፤ በገዳማቸውም በዓለም እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት የወንጌል መጻሕፍት የሚቈጠሩ ብራናዎች ይገኛሉ። በሰይፍ የኖሩት ሰው በመጨረሻ የሰላም ወንጌል ከሚጠበቅበት ስፍራ ተጠጉ። በመቀሌ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተጠርቷል፤ ስማቸው ከመታሰቢያ አላነሰም። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ የጀመረው በመነዌ ከእንግዳ ዕቁቢ እርሻ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለደብር ልጆች ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው፥ ክብር በትውልድ ቍጥር ብቻ አለመሆኑ ነው። የአባቱ ስም ያልታወቀ ዘማች ለአባቱ ስም መታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ እንግዳ ዕቁቢን የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ በልጃቸው ያውቃቸዋል። ሁለተኛው፥ በጠላት ፊት የቆመ አንድነት በጎረቤት ፊት ካልቆመ ዋጋው ግማሽ መሆኑ ነው። የዐድዋ ሰዎች የአገርን ጠላት አሸንፈው የወንድምን ቂም ሳያሸንፉ ቀሩ። በዘሌዋውያን ያለው ኢዮቤልዩ በማስተስረያ ቀን መለከት ይነፋ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዕዳ ሳይተው፥ ቂም ሳይፈታ ወደ ወገን መመለስ የለምና።

ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት፥ በየቤቱ በዕድሜ የጠገቡ አባቶችና እናቶች ሳሉ፥ በጉራዕ ወይም በመተማ፥ በዐድዋ ወይም በማይጨው የወደቀ፥ ወይም ከዘመቻ ተመልሶ በቤቱ ያረፈ ወገን ያለው ሁሉ የክርስትና ስሙን፥ የትውልድ መንደሩንና ያረፈበትን ወር አስጽፎ ለካህናቱ ይስጥ። ካህናቱም በጸሎተ ፍትሐት ያስቡት፤ በደብሩ መዝገብም ይጻፍ። ከጎረቤቱ ወይም ከወንድሙ ጋራ የተጣላ ቢኖር፥ ስሙን ከማስጻፉ በፊት ይታረቅ። ለዘማቾቻችን ከዚህ የበለጠ ሐውልት የለም፤ ድንጋይ ይፈርሳል፥ በመሥዋዕቱ ፊት የሚነሣ ስም ግን በየዕለቱ እንደ አዲስ ይቆማል።

የራስ አሉላ እንግዳን፥ የራስ ሐጎስን፥ በዚያ ዘመን ስማቸው ሳይጻፍ የወደቁትንም ሁሉ ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። በሕይወት ላለነውም ፍቅርንና አንድነትን ያድለን። አሜን።